«ብሎኬት ሳስደረድር የምውለው ልጄ እንዳይደረድር ነው»

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አዲስ አበባ፣ አያት አካባቢ ነው። ወንድ ልጄ አራት ዓመት ከስምንት ወሩ ነው፤ እህቱ ገና ሁለት ዓመት አልሞላትም። ዘንድሮ ያስገባነው መዋዕለ ሕፃናት ደብተር የሚባል ነገር የለውም ማለት ይቻላል። ጠዋት ሲገቡ የእንጨት ብሎክ ይሰጧቸዋል፤ ሲደረድሩና ሲያፈርሱ ያረፍዳሉ። ማታ «ዛሬ ምን ተማርክ?» ስለው «ድልድይ ሠራሁ» ይለኛል። የጎረቤታችን ልጅ ደግሞ በእሱ ዕድሜ እስከ መቶ ይቆጥራል፣ ኤቢሲዲ ይጽፋል፣ በየቀኑ የቤት ሥራ አለው። በሴሚስተሩ ሦስተኛ ወጣ ብላ ሰርተፍኬቱን አሳይታናለች።

ባለቤቴ የሕንፃ ሥራ ፎርማን ነው። «እኔ ፀሐይ ላይ ብሎኬት ሳስደረድር የምውለው ልጄ እንዳይደረድር ነው፤ ለዚህ ነው እንዴ የምከፍለው?» ይላል። በክረምቱ ምዝገባ ትምህርት ቤት እንቀይርለት ብሏል። እኔ ልጁ ደስ ብሎት ሲሄድ ስለማይ ልቤ እሺ አላለኝም፤ ግን የምመልስለት የለኝም። ቤት ውስጥም ሰላም የለም። ልጁ የሠራው ሲፈርስበት መሬት ላይ እየተንከባለለ ያለቅሳል፤ እህቱ ደግሞ የእሱን ለማፍረስ ነው የምትነቃው። አማቴ «ለእሷ አሻንጉሊት ግዙላት፣ ይሄ የወንድ ጨዋታ ነው» ይላሉ። ሱቅ ስጠይቅ «አእምሮ የሚያሳድግ» የተባለው ብሎክ ዋጋው ራስ ያዞራል። ምን ይመክሩኛል?

የሁለት ልጆች እናት

መልስ፦

እህቴ፣ ምዝገባው ሳይደርስ መጻፍሽ ጥሩ ነው። ያስጨነቀሽን አስቀድሜ ልመልስ፦ ልጁ ድልድይ ሲሠራ ስለሚያረፍድ ብቻ ከዚያ ትምህርት ቤት አታውጡት። በእሱ ዕድሜ ድልድይ መሥራት ትምህርት ነው፤ ያውም ከከባዶቹ አንዱ። ይሁንና ባለቤትሽንም ጭራሽ ተሳስቷል አልልም። ብሎክ ያለበት ክፍል ሁሉ ልጅ የሚማርበት ክፍል አይደለምና። እሱን መጨረሻ ላይ አነሳዋለሁ።

መጀመሪያ ድልድዩን ጠጋ ብለን እንየው። ሁለት ብሎክ አቁሞ ሦስተኛውን ከላይ ማጋደም ለእኛ ምንም አይደለም። ሦስት ዓመት ለሞላው ልጅ ግን ትልቅ ሥራ ነው። ሁለቱን እግሮች አራርቆ ያቆማቸዋል፤ የላይኛው አይደርስምና መሀል ላይ ይወድቃል። ያንኑ ብሎክ ያነሳና አሁን ደግሞ በኃይል ይጫነዋል። ያው ይወድቃል። ሌላ ብሎክ ያመጣል፤ እሱም ልኩ ያው ነው። በአጠገቡ የሚያልፍ አዋቂ እጁን ሰዶ አንዱን እግር ካላስጠጋለት፣ አንድ ቀን ረጅሙን ብሎክ አስቀድሞ ወለሉ ላይ ያጋድመውና እግሮቹን በሁለቱ ጫፎቹ ልክ ያቆማቸዋል። ለካ ማለት ነው። ሜትርም ቁጥርም ሳይኖር አንዱን ርዝመት በሌላው ለካ። ይህን ማንም አላሳየውም፤ ያሳየው የወደቀው ብሎክ ነው።

ወደ አምስት ዓመት ሲጠጋ ግድግዳ ይመጣል። ብሎኮቹን ጫፍ ለጫፍ ገጥሞ አንድ ረድፍ ያስኬዳል፤ ሁለተኛውን ረድፍ ልክ በላዩ ይደግማል፣ ሦስተኛውንም እንዲሁ። መገጣጠሚያዎቹ ከላይ እስከ ታች በአንድ መስመር ይወርዳሉ። ክርኑ ሲነካው ግድግዳው እዚያው መስመር ላይ ለሁለት ይከፈላል። እስቲ እንዲህ ያለውን ግድግዳ ለባለቤትሽ አሳይተሽ «ምን ጎደለው?» በይው። ግንበኛ እንዲህ ቢሠራበት ያስፈርሰዋል። የላይኛው ብሎኬት የታችኞቹን የሁለቱን መገጣጠሚያ መሸፈን እንዳለበት፣ ለዚያም ጫፉ ላይ ግማሽ ብሎኬት እንደሚገባ አሳምሮ ያውቃል። ልጁ ይህንኑ በፈረሰበት ቁጥር ራሱ እየደረሰበት ነው። ልዩነቱ የልጁ ግድግዳ ሲፈርስ ሲሚንቶ አይባክንም፣ ማንም አይጎዳም።

እጁንም ተመልከቺ። ሕፃን መያዝን የሚለምደው መልቀቅን ከመልመዱ በፊት ነው፤ የጨበጠውን በፈለገው ቦታ ቀስ ብሎ መልቀቅ የሚጀምረው ወደ አንድ ዓመቱ ገደማ ነው። ስምንተኛውን ብሎክ ሰባቱ ላይ ሳያናጋ ማስቀመጥ ማለት አንጓን አጽንቶ፣ በአውራ ጣት፣ በሌባ ጣትና በመሀል ጣት ይዞ፣ ልክ ሲነካ መልቀቅ ነው። እርሳስ የሚይዙትም እነዚሁ ሦስት ጣቶች ናቸው። ጣቱ ሳይጠና እርሳስ የተሰጠው ልጅ በጡጫው ጨብጦ ወረቀቱ እስኪቀደድ ይጫናል። ከዚያ «እጁ አይጽፍም» ይባልና ቅጣቱ ተጨማሪ ገጽ መጻፍ ይሆናል።

ስለ ፊደልም አንድ ነገር ልበልሽ፤ የጎረቤትሽ ልጅ ስለሚጽፈው ኤቢሲዲ ሳይሆን ስለ እኛው ሀ ሁ። «ለ»ን «ሉ» የሚያደርጋት በስተቀኝ ከመሀሏ የምትወጣ አጭር ጭረት ናት። ያችው ጭረት እግሯ ሥር ስትወርድ «ሊ» ትሆናለች፤ ጭረቷ ዞራ ቀለበት ስትሠራ «ሌ»። በ፣ ቡ፣ ቢ፣ ቤም ያው ነው። ፊደል መለየት ማለት ትንሹ ነገር ከትልቁ ነገር የት ቦታ ላይ እንደተጠጋ ማየት ነው፤ መሀል ነው ሥር፣ ቀኝ ነው ግራ። ብሎክ የያዘ ልጅ ሲያደርገው የሚውለው ይህንኑ ነው። የጎረቤት ቤት አምሳያ ለመሥራት በረንዳው በየት በኩል እንደሚወጣ፣ ደረጃው ከየት እንደሚጀምር በዓይኑ ይዞ በእጁ መድገም አለበት። ብሎክ ፊደል ያስተምራል አላልኩሽም፤ ፊደሉ ሲመጣ የሚያርፍበትን ዓይን ያዘጋጃል።

እስከ መቶ መቁጠሩንስ? ደስ ይላል፣ ልጁንም አመስግኚው። ግን ብዙ ልጆች እስከ መቶ የሚቆጥሩት መዝሙር እንደሚዘምሩት ነው። የጎረቤትሽ ልጅ እናንተ ቤት ሲመጣ አሥራ ሁለት ቆርኪ አስቀምጪለትና «ሰባት ስጠኝ» በይው። ወይም አምስት ቆርኪ ቆጥሮ ሲጨርስ «እንግዲህ ስንት ናቸው?» ብለሽ ጠይቂው። ቁጥሩ ገና ያልገባው ልጅ «አምስት» አይልሽም፤ እንደገና ከአንድ ይጀምራል። የመጨረሻው ቁጥር የሁሉም ብዛት መሆኑን ገና አልያዘውም። ያንቺን ልጅም በዚሁ ሞክሪው፤ ለውድድር ሳይሆን እናንተ እንድታውቁት።

ብሎክ ውስጥ ቁጥር የሚገባው በመጠን በኩል ነው። ካሮላይን ፕራት የምትባል አሜሪካዊት መምህርት ነበረች፤ እ.ኤ.አ. በ1914 ኒው ዮርክ ውስጥ የራሷን ትምህርት ቤት ከፍታለች። ዛሬ በየመዋዕለ ሕፃናቱ የሚታየው ቀለም የሌለው የእንጨት ብሎክ በአብዛኛው የእሷን ልክ የተከተለ ነው፦ ውፍረቱ 3.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ወርዱ የዚያ እጥፍ 7፣ ርዝመቱ የዚያ እጥፍ 14። ግማሹ አለ፣ እጥፉ አለ፣ አራት እጥፉም አለ። ልጁ ረጅሙ ሲያልቅበት ሁለት አጫጭር ያመጣና ክፍተቱን ይሞላል። ግማሽና ግማሽ አንድ ሙሉ እንደሚሆን ያወቀው በዚያች ሰዓት ነው፤ ክፍልፋይ የሚባለውን ቃል የሚሰማው ከዓመታት በኋላ ቢሆንም። ባለቤትሽ የሚያስደረድረው ባለ ሃያ ብሎኬትም 40 በ20 በ20 አይደል? ርዝመቱ የወርዱ እጥፍ ነው። አባትና ልጅ በአንድ ሒሳብ ነው የሚሠሩት።

ደግሞም መዋዕለ ሕፃናት የሚባለው ነገር ሲጀመርም ከብሎክ ጋር ነው የተጀመረው። ጀርመናዊው ፍሬደሪክ ፍሮቤል እ.ኤ.አ. በ1837 ባድ ብላንከንቡርግ በምትባል ከተማ ሥራውን ሲጀምር ለልጆቹ ካዘጋጃቸው መጫወቻዎች አንዱ ለስምንት ትናንሽ ኪዩቦች የሚከፈል የእንጨት ኪዩብ ነበር። ደብተሩና ደረጃው በኋላ የተጨመረ ነው። የኒው ዮርኩን ጉገንሃይም ሙዚየም የነደፈው አርክቴክት ፍራንክ ሎይድ ራይት እነዚህን የፍሮቤል ብሎኮች በልጅነቱ ከእናቱ እንዳገኘና ለሙያው መሠረት እንደሆኑት ራሱ ጽፏል። ይህን የማነሳው ልጅሽ አርክቴክት ይሆናል ለማለት አይደለም፤ ብሎክ ነክቶ አርክቴክት ያልሆነው ሰው ይበዛል። ለፎርማን ግን ከእኔ ምክር የራይት ስም ይከብዳል ብዬ ነው።

አሁን ወደ ሻጮቹ «አእምሮ የሚያሳድግ» እንምጣ። እዚህ ላይ ጠንቀቅ በይ። ጥናቶች አሉ፣ ግን ካርቶኑ ላይ እንደተጻፈው አይደሉም። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ አንድ ጥናት ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት ተኩል ላሉ ልጆች ቤተሰቦች ብሎክ ከአጨዋወት ሐሳቦች ጋር ሰጥቶ፣ ከስድስት ወር በኋላ ልጆቹ ብሎክ ካልተሰጣቸው በተሻለ ብዙ ቃል ይዘው ተገኝተዋል። በትኩረት በኩል ግን የታየ ልዩነት የለም። የጥናቱን ወጪ የሸፈነው ብሎክ የሚሠራ ኩባንያ መሆኑንም እወቂ። ሌላው፣ እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመው፣ 37 ልጆችን ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ ሁለተኛ ደረጃ ተከታትሏል። በአራት ዓመታቸው ውስብስብ ነገር ይገነቡ የነበሩት በሦስተኛና በአምስተኛ ክፍል ፈተና ከሌሎቹ አልተለዩም። በሰባተኛ ክፍልና ከዚያ በላይ ግን በሒሳብ ልዩነቱ ታየ። የልጆቹ ቁጥር ትንሽ ነው፣ ሒሳቡን ያመጣው ብሎኩ ብቻ ነው ለማለትም አያስችልም። ለእናንተ ግን አንድ ነገር ይነግራችኋል፦ ይህ ነገር በሴሚስተር ሰርተፍኬት ላይ አይወጣም። ከጎረቤት ልጅ ጋር አሁን ብታወዳድሩት የእናንተው ኋላ የቀረ ይመስላችኋል፤ ውድድሩ የሚለካው ደብተር ላይ ያለውን ብቻ ነውና።

የቃሉ ነገር ግን ከብሎኩ አይደለም፣ ከአጠገቡ ካለው አፍ ነው። ዝም ያለ ብሎክ ቋንቋ አያስተምርም። ልጁ ሲሠራ አጠገቡ ቁጭ በይና ያየሽውን በቃ ተናገሪ፦ «ትልቁን ከሥር አደረግከው… ይሄኛው ጠርዝ ላይ ነው፣ ሊወድቅ ነው መሰለኝ… መኪናው በመሀል ያልፋል ወይስ በጎን?» ከላይ፣ ከሥር፣ ፊት ለፊት፣ ከጀርባ፣ ሰያፍ፣ ጠባብ፣ እኩል። እነዚህን ቃላት ልጅ ከሥዕል መጽሐፍ ይልቅ ከእጁ ጋር ነው የሚይዛቸው። «ይሄ ምን ቀለም ነው? ይሄስ?» እያልሽ ግን አትፈትኚው፤ ጨዋታውን ፈተና ካደረግሽው ጥሎ ይሄዳል፣ እውነቱንም ነው። ደግሞ በአማርኛ አውሪው። እቤት በሚገባው ቋንቋ «ከሥር»ን በደንብ የያዘ ልጅ የእንግሊዝኛውን ስም በኋላ ይጨምርበታል። ታብሌት ላይ ያለው የብሎክ ጨዋታ በዚህ ቦታ አይተካም፤ ጣት ሲያንሸራትት ክብደት የለም፣ መውደቁም እውነት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅትም ለሦስትና ለአራት ዓመት ልጅ ስክሪን በቀን ከአንድ ሰዓት አይለፍ ነው የሚለው።

ለቅሶውን በተመለከተ፣ ልጅሽ የሚያለቅሰው በጭንቅላቱ ይዞት የነበረው ነገር ስለተበላሸበት ነው። የሁለት ዓመት ልጅ ግንብ ሲወድቅበት ይስቃል፤ ሐሳብ ያለው ልጅ ነው የሚያዝነው። ስለዚህ «ለእንጨት ነው እንዴ የምታለቅስ?» አትበይው፤ ፈጥነሽም አትሥሪለት። መጀመሪያ ያልቅስ። አጠገቡ ተቀምጠሽ «ወደቀብህ፤ ብዙ ለፍተህበት ነበር» ካልሽ ይበቃል። ሲረጋጋ «የትኛው ነው ቀድሞ የወደቀው?» ብለሽ ጠይቂው። ይህች ጥያቄ ለቅሶውን ወደ ምርመራ ታዞራለች። መልሱን ካላወቀ እንደገና ሠርቶ ያየዋል፤ ያኔ ሥራሽን ጨረስሽ።

እህቱ ደግሞ ክፉ ሆና አይደለም፤ ዕድሜዋ ነው። ልጅ ማፍረስን የሚችለው መገንባትን ከመቻሉ በፊት ነው። ሐኪሞች የልጅን ዕድገት ሲመረምሩ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል በሚሆኑ ኪዩቦች ግንብ ያሠራሉ። በአንድ ዓመት ከሦስት ወር ገደማ ሁለት፣ በአንድ ዓመት ተኩል ሦስት ወይም አራት፣ በሁለት ዓመት ስድስት ገደማ፣ በሦስት ዓመት ዘጠኝ ወይም አሥር ይደረድራል፤ ድልድዩም የሚመጣው ያኔ ነው። አንድ ወር ቢያልፍ አትደንግጪ፤ ልጅ ከልጅ ይለያል። ሁለት ዓመት አልፏት ዕቃ ሳጥን ውስጥ መክተት፣ ሁለት ነገር መደራረብ ጭራሽ ካልቻለች፣ ወይም ትችለው የነበረውን ካቆመች ግን ለሕፃናት ሐኪም አሳዪያት። ለጊዜው መፍትሔው ቦታ መለየት ነው። እሱ እሷ በማትደርስበት ጠረጴዛ ላይ ይሥራ፤ እሷ ወለሉ ላይ የራሷ ቅርጫት ይኑራት። በቀን አንድ ጊዜ ደግሞ በስምምነት ያፍርሱ፦ እሱ ለእሷ ግንብ ይሠራል፣ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ይላል፣ እሷ ትመታዋለች። ተራ መጠበቅን ከዚህ የተሻለ የሚያስተምራት አላውቅም። እሱም ማፍረሱን ራሱ ሲያዝዝ ንዴቱ ይበርዳል።

የአማትሽን አሻንጉሊት በደስታ ተቀበያቸው። አሻንጉሊት አልጋ ያስፈልጋታል፣ ቤት ያስፈልጋታል፣ የቤቱም በር እሷን የሚያሳልፍ መሆን አለበት። ማን ይሥራው? ልጅቷ። እንዲህ ስትይ አማትሽም አይቀየሙም፣ ልጅቷም ከብሎኩ አትቀርም። እሳቸውም ቢሆኑ በልጅነታቸው ዕቃ ዕቃ ሲጫወቱ በጠጠርና በጭቃ ጎጆ ሠርተው ጉልቻ ተክለው ይሆናል፤ ጠይቂያቸው፣ ምናልባት ከሁላችሁም የተሻለ ይሠሩ ይሆናል።

መግዛቱን ተይው። የቤት ዕቃ የሚሠሩ አናጢዎች ጋ የዋንዛ ወይም የጽድ ቁርጥራጭ አይጠፋም። ከላይ በነገርኩሽ ልክ አስቆርጪ፤ ልኩ ትንሽ ቢለይም ግዴለም፣ ዋናው አጭሩ የረጅሙ ትክክለኛ ግማሽ መሆኑ ነው። እዚያ ላይ አናጢውን አትማሪው፤ ግማሹ ግማሽ ካልሆነ ድልድዩ ይዘማል፣ ልጁም ጥፋቱ የራሱ ይመስለዋል። ስልሳ ያህል ቢሆን ይበቃል፦ ብዙው መደበኛው፣ ቀሪው ግማሽና እጥፍ። ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አሽቶ ማለስለስ የባለቤትሽ ፋንታ ይሁን። ቀለምም ቫርኒሽም አያስፈልገውም። በተለይ ምን እንዳለበት የማታውቂውን ቀለም አታስነኪው፤ እርሳስ የሚባለው መርዘኛ ብረት ያለበት ቀለም አለ፣ ትንሿ ደግሞ ሁሉን ወደ አፏ ነው የምትወስደው። ችፑድ አይሁን፤ ይፈረፈራል፣ ውኃ ሲነካው ያብጣል። ባለቤትሽ «እንጨት ከሳይት አመጣለሁ» ካለ ደግሞ አመስግነሽ እምቢ በይው። ኮንክሪት የሚሞላበት የካሳፎርማ ጣውላ ዘይት ጠጥቷል፣ ሲሚንቶ ይዟል፣ የተሰበረ ሚስማር አያጣም።

እስከዚያ የክብሪት ቀፎ አለ፣ የጥርስ ሳሙና ካርቶን አለ፤ የወተት ካርቶን ታጥቦ ደርቆ ጋዜጣ ሲጠቀጠቅበት ቆንጆ ትልቅ ብሎክ ይወጣዋል። ልጅቷ ሦስት ዓመት እስኪሞላት ግን የትንንሹ ሌጎ ነገር ይቅር፣ ቆርኪውንም ከእሷ አርቂ። ዕቃው በሽንት ቤት ወረቀት መጠቅለያ ቱቦ ውስጥ ካለፈ ለእሷ ትንሽ ነው፣ ጉሮሮዋን ሊዘጋ ይችላል። ማግኔት ያለባቸው መገጣጠሚያዎች ደግሞ ከሁሉ ይከፋሉ። ማግኔቱ ወጥቶ ሁለት ከተዋጠ አንጀት ውስጥ ይሳሳብና አንጀት ይበሳል። ርካሽ ሆኖ አገኘሁት ብለሽ እንዳትገዢ።

ባለቤትሽን በክርክር አታሸንፊውም፣ ይህንንም ጽሑፍ «አንብብ» ብለሽ አትስጪው። እሑድ ከሰዓት ውሃ ልኩን ይዞ ወለል ላይ ይቀመጥ። ልጁ የውሃ ልክ አረፋ መሀል ላይ ስትቆም ካየ በኋላ በቤቱ ውስጥ ያለውን ጠረጴዛ ሁሉ ሳይለካ አይተኛም። ክር ላይ ዳዶ አስረው ቱንቢ ይሥሩና ግንቡ ማዘንበሉን ይዩ። አንድ አደጋ አለ፤ ፎርማን ወለል ላይም ሲቀመጥ ያዝዛል። «እንደዚህ አይደለም፣ ስጠኝ» ብሎ ከነጠቀው ልጁ ተነስቶ ይሄዳል፣ አባትየውም ብቻውን ቤት ሠርቶ ይነሳል። ስለዚህ ሕጉ አንድ ይሁን፦ አባት ይጠይቃል፣ የልጁን ሥራ በእጁ አይነካም። ልጁ «ያዝልኝ» ካለው ይያዝለት። ያን ቀን የቀን ሠራተኛው እሱ ነው።

ከዚያ ወደ ትምህርት ቤቱ። ባለቤትሽ ልክ ሊሆን ይችላል ያልኩት እዚህ ላይ ነው። መምህር በሌለበት ብሎክ ሰጥቶ ማስቀመጥ ልጅ መጠበቅ እንጂ ማስተማር አይደለም፤ ለዚያ ደግሞ ክፍያው በእርግጥ ይበዛል። አንድ ጠዋት አስፈቅደሽ ጥግ ላይ ተቀመጪ፣ የሚቻል ከሆነ ሁለታችሁም። ብሎኩ ለልጆቹ ይበቃል ወይስ ሃያ ልጅ በሠላሳ ፍሬ ይጣላል? ገና ሥራው ሲሞቅ «ሰብስቡ!» ይባላል ወይስ አርባ ደቂቃና ከዚያ በላይ ይሰጣቸዋል? በአሥር ደቂቃ ግንብ እንጂ ከተማ አይሠራም። ከሁሉ በላይ መምህርቷ የት ናት? በሩ ላይ ስልኳን ይዛ ከቆመች አይቶ መሄድ ነው። ወለሉ ላይ ከልጆቹ ጋር ከሆነች፣ «ይሄ ሆስፒታል በር የለውም፣ በሽተኛው በየት ይገባል?» የምትል ከሆነ፣ የትኛው ልጅ ባለፈው ወር ምን ይሠራ እንደነበርና አሁን የት እንደደረሰ ስትጠየቂያት የምትነግርሽ ከሆነ፣ እንዲህ ያለች መምህርት በቀላሉ አትገኝም። ስለ ፊደልም ጠይቂያት፤ «አናስተምርም» ካለች አልወደውም። የአምስት ዓመት ልጅ ተረት ሊነበብለት፣ ስሙን ከሌሎች ስሞች ለይቶ ሊያውቅ፣ የሠራው ሕንፃ ላይ «አታፍርሱ» ብላ ስትጽፍለት ሊያይ ይገባዋል። ጨዋታና ፊደል ባላንጣ አይደሉም፤ ባላንጣ ያደረጓቸው በአራት ዓመት ልጅ ላይ ደረጃ የሚያወጡት ትምህርት ቤቶች ናቸው።

በሩ ላይ የቆመችዋን ካገኘሽ ባለቤትሽ ልክ ነው፣ ልጁን ቀይሩት። የምትቀይሩት ግን ሦስተኛ ወጣ ወደሚባልበት አይሁን። አዲሱን ትምህርት ቤት ስታዩም የሚያሳዩዋችሁን ደብተር ከማገላበጣችሁ በፊት ክፍሉ ወለል ላይ ልጅ የሚቀመጥበት ቦታ መኖሩን እዩ፤ የመመዝገቢያውን ክፍያም ከዚያ በኋላ ክፈሉ።